ኮኮን ዳዳ ያልጻፈው ምዕራፍ

ኮልካታ፣ ባዱርባጋን
ኦክቶበር 29 ቀን 1996

እናት ዱርጋ ትጠብቅህ።

ልጄ ቱቱል፣

ትናንት ትራም ላይ ከፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች ሲያወሩ ሰማሁ። አንደኛው፣ "ኒሩፖም ላሂሪ እኮ ለፑጃ በዓል ሳይመጣ ቀርቶ አያውቅም" አለ። ሁለተኛው፣ "ዘንድሮም መጥቷል" አለው።

ኒሩፖም የሚሉት የአጎቴን ልጅ፣ እኛ ኮኮን ዳዳ፣ ታላቅ ወንድም ኮኮን፣ የምንለውን ነው፤ ከሞተ ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ቢሆንም ተናጋሪው መነጽር ያደረገ፣ ጃንጥላውን በጉልበቱ መሀል ያቆመ ቁም ነገረኛ ሰው ስለነበር ቃሉን ተቀበልኩ። ቤት እንደገባሁ ባለቤቴን፣ አክስትህን ላቦንያን፣ ፎቅ ላይ ያለውን ክፍሉን ጥረጊው አልኳት። እሷም የበዓሉን የልጆች መጽሔት አምጥታ እጄ ላይ አስቀመጠችና፣ "መጥቷል፣ መሀል ገጹ ላይ ነው" አለችኝ። የድሮ ታሪኩን እንደገና አትመውታል። እንግዲህ የሞተው በየዓመቱ ለበዓሉ ሲመጣ፣ በሕይወት ያለኸው አንተ ግን እንግሊዝ ከሄድክ ወዲህ አንድም ፑጃ አልመጣህም።

የበዓሉ አምላክ የእናት ዱርጋ የሸክላ ምስል ወንዝ ገብቷል፣ ከበሮው ጸጥ ብሏል፣ የበዓል ማግስት ምርቃቴ ይድረስህ። በሥርዓቱ ቀድሞ የሚጽፈው ታናሹ ነበር። ፖስታ ቤቱ ላይ አሳብቤ ቀድሜሃለሁ።

ስለ ቤቱ ሳትሰማ አትቀርም። ሃልዳር የሚባል ተቋራጭ ቤቱን አፍርሶ አፓርታማ ሊሠራበት ይፈልጋል። ባለ ድርሻዎቹ አራት ነን፦ የታላቅ ወንድሜ ልጅ ሞንቱ፣ የኮኮን ዳዳ እህት ራኑ፣ የአባትህ ድርሻ የደረሰህ አንተ፣ እና እኔ። ሞንቱና ራኑ ፈርመዋል። አንድ ወረቀት ላይ ፈረሙ እንጂ አልተነጋገሩም። ኮኮን ዳዳ ሚስትም ልጅም ስላልነበረው አስከሬኑን በእሳት የለኮሰው ሞንቱ ነበር። ራኑ፣ "እኔ እህቱ ቆሜ እያለሁ" ብላ ተቀየመች። ከዚያ ወዲህ ሰላምታቸውም ስድባቸውም በእኔ በኩል ነው የሚያልፈው። ስድቡን አሳጥሬ አደርሳለሁ።

እኔ አልፈርምም። የተወለድኩበት ክፍል ውስጥ ነው የምተኛው። በሊፍት አራተኛ ፎቅ ወጥቼ ለመሞት አንዳች ጉጉት የለኝም። የዓለም ሰው ኮኮን ዳዳን በፊልሞቹ ያውቀዋል። ፊልሞቹን ግን ፈረንጅ ሸለማቸው እንጂ ከሰፈራችን እስከ መጨረሻው ተቀምጦ ያየ ሰው ስለመኖሩ እርግጠኛ አይደለሁም። ለልጆች የጻፋቸውን የማስተር ኦክሩርን የሌባ አደን ታሪኮች ግን ዓሣ ሻጩ ሳይቀር በቃሉ ያውቃቸዋል፤ እነሱ ደግሞ የተጻፉት ከራሴ በላይ፣ ፎቁ ላይ ነው። እሁድ እሁድ ልጆቻቸውን ይዘው ቤቱን ለማየት የሚመጡ አሉ። ማስተር ኦክሩር የወደቀበት ደረጃ የትኛው ነው ይሉኛል። አንዱን አሳያቸዋለሁ። ወረቀቱ ቢደርስህ አትቸኩል።

ደግሞም፣ ሳይጨርሰው የሞተውን የመጨረሻ ታሪኩን ማለቂያ ነግሮኛል። እሱን በሌላ ደብዳቤ።

አክስትህ አንድ ነገር ልጻፍለት ትላለች። እንደምታየው ይህ ሰማያዊ የአየር ደብዳቤ ወረቀት እስከ ማጠፊያው ሞልቷል። በሚቀጥለው።

አጎትህ፣ ካካህ ኖሊናክሾ


ሊድስ
ዲሴምበር 8 ቀን 1996

የተከበሩ ካካ፣

የእግርዎን አቧራ ግንባሬ ላይ አድርጌ እጀምራለሁ። ለአክስቴ ለካኪማም እንዲሁ። ቀድሜ አለመጻፌ አሳፍሮኛል። ፖስታ ቤቱ ጥፋት የለበትም።

ቀኑን ሙሉ ሆስፒታሉ ምድር ቤት መድኃኒት ስመዝን እውላለሁ። መስኮት የለውም፤ ዝናብ መሆኑን የማውቀው ወረፋ የሚጠብቁት ሰዎች ርሰው ሲመጡ ነው። ቤት ስገባ ደግሞ የአጎት ኮኮንን ታሪኮች ወደ እንግሊዝኛ እገለብጣለሁ። ማስተር ኦክሩር በእኛ ቋንቋ ሲቆጣ ጡረታ የወጣ የጂኦግራፊ መምህር ነው። በእንግሊዝኛ ሲቆጣ ግን ይቅርታ የሚጠይቅ ይመስላል። ሦስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ፣ እስካሁን አንድ ሰው በትክክል ላስቆጣ አልቻልኩም።

ለንደን ያለችው አሳታሚ መጽሐፉን ተቀብላለች፣ ግን በአንድ ነገር ላይ ተንጠልጥሏል። የድሮዎቹን ታሪኮች ሌላ ሰው ድሮ ተርጉሟቸዋል። አዲስ ነገር የምሰጣት ያላለቀውን ብቻ ነው፣ እሱም ማለቂያ ከሌለው መጽሐፉ አይወጣም ብላኛለች። ያውቁታል፤ በዝናብ ቀን ከባላባቱ ቤት ትንሿ የብር ሰዓት ትጠፋለች። ቤቱ ውስጥ የነበሩት አራት ናቸው፦ ሐኪሙ፣ ጠበቃው፣ የባላባቱ የወንድም ልጅ፣ ከጃንጥላው የማይለየው ፎቶ አንሺ። ከዚያ ማስተር ኦክሩር እንደ ልማዱ ሁሉንም አዳራሽ ውስጥ ሰብስቦ፣ ንጹሖቹን አንድ በአንድ እያሰናበተ ሌባው ላይ የሚደርስበት የመጨረሻ ምዕራፍ መምጣት ነበረበት። አልመጣም።

ካካ፣ ማለቂያውን ነግሮኛል ብለዋል። እባክዎ ይጻፉልኝ።

ስለ ቤቱ የጻፉትን አንብቤዋለሁ።

ቱቱል


ባዱርባጋን
ጃንዋሪ 12 ቀን 1997

ልጄ ቱቱል፣

ረጅም ዕድሜና መስኮት ያለው ሥራ ይስጥህ።

እጽፍልሃለሁ፤ መጀመሪያ ግን የሰውየውን አሠራር እወቅ። አንተ ልጅ ስለነበርክ ከዚህ ጉዳይ ውጭ ነበርክ።

ኮኮን ዳዳ የመጨረሻውን ምዕራፍ ከመጻፉ በፊት ከፎቅ ይወርዳል። በዋናው በር አይመጣም፤ እዚያ ጋዜጠኛ ሊኖር ይችላል። በወጥ ቤቱ በር ገብቶ፣ አክስትህ ሙሪውን፣ ያንን የፈነዳ ሩዝ፣ በሰናፍጭ ዘይትና በቃሪያ አሽታ እስክትሰጠው እዚያው ይቆማል። ከዚያ ሳህኑን ይዞ እኔ ክፍል ይመጣና፣ "ኖሊን፣ ሌባውን ልንገርህ፣ ለማንም አትንገር" ይለኛል። ይነግረኛል። እየነገረኝም ፊቴን ያያል። ተዋናይ የሚያስጨንቅበትን ያንን ዓይኑን ተክሎ፣ ሙሪ እያኘከ። ፊቴ፣ "እንዴ፣ አዎ፣ እሱ ነው" ብሎ ከበራ፣ ያ ሌባ ነጻ ወጣ።

እኔ መጽሔቱን በበዓሉ ዋዜማ ገዝቼ ሳነብ ሌባው ሌላ ሰው ነው። በሚቀጥለው ዓመትም ሌላ ሰው ነው። የሚቀልድብኝ በእኔ ብቻ ነው ብዬ ብዙ ዓመት ቂም ይዤበት ነበር። በኋላ በአንድ ሠርግ ላይ ሞንቱ መጠጥ ጠጥቶ፣ ይቅርታ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ለእሱም በየዓመቱ ሌላ ሌባ እንደሚነግረው አመለጠው። ራኑ ሰማችና ሳቀች፤ ለእሷም እንደዚያው ነበር። ለእያንዳንዳችን የተለየ ሌባ፣ ለእያንዳንዳችን "ለማንም አትንገር"። ለዘመድ የተነገረ ሌባ አንድም ጊዜ ታትሞ አያውቅም። የሚያትመው ሁልጊዜ ለማንም ያልነገረውን ነው። ሰው ቀድሞ የገመተው ማለቂያ ለአሳማ ነው ይል ነበር።

በዚህኛው ታሪክ ለእኔ ሐኪሙ ነው አለኝ። ስለዚህ ሐኪሙ ንጹሕ ሰው ነው፣ ተረጋግተህ ተርጉመው። ለሞንቱና ለራኑም ነግሯቸዋል፣ ያንን አውቃለሁ፤ ለማን ማንን እንዳለ ግን አላውቅም። ሁለቱን ንጹሖች ከእነሱ ብታገኝ የቀረው አንዱ ሌባ ነው። ሂሳቡን አላራዝምብህም፣ ፋርማሲስት ነህ።

እዚህ የሚሸጥልን የዳርጂሊንግ ሻይ የሻይ ገለባ ነው። ጥሩው ሁሉ ወደ እናንተ ይጫናል። ብትልክልን።

አክስትህ ከኋላዬ ቆማ፣ "የምነግረው አለኝ" ትላለች። ስለ ማንጎ ዓቻሩ፣ በዘይትና በቅመም ስለዘፈዘፈችው ማንጎ፣ ይመስለኛል፤ በሰው የላከችልህ ማሰሮ ደረሰህ ወይ? ቦታ አልቋል።

ካካህ


ሊድስ
ማርች 23 ቀን 1997

የተከበሩ ካካ፣

እግርዎን ነክቼ ይቅርታ እጠይቃለሁ፣ ዘገየሁ። ሻዩን ልኬያለሁ። ዓቻሩ ደርሶኛል፤ ማሰሮው ተሰብሮ ስለነበር የበላሁት ከአንድ ሰው ሸሚዝ ላይ አራግፌ ነው። ለካኪማ ሸሚዙን አይንገሯት።

ለሞንቱ ዳዳ ስልክ ደወልኩ። ከብዙ ሰላምታ በኋላ ሌባው ማን ነበር አልኩት። "ካካ ሲፈርም እነግርሃለሁ" አለኝ። "ይሄ ከቤቱ ጋር ምን ያገናኘዋል?" ብለው፣ "እሱ ቤቱን ይዞ ተቀምጧል፣ እኔ ሌባዬን ይዤ እቀመጣለሁ" አለ።

እትዬ ራኑ ደግሞ መንገሩን አልጠላችውም። የእሷ ንጹሕ ሰው ከሞንቱ ንጹሕ ሰው ጋር አንድ መጽሐፍ ውስጥ እንዲገባ ግን አትፈልግም። "መጀመሪያ ወንድሜን በእሳት እንዲለኩስ ማን እንደፈቀደለት ይናገር" አለችኝ። ካካ፣ ይህንን ለአሳታሚዋ ወደ እንግሊዝኛ እንዴት እንደምገለብጥላት እርስዎ ይንገሩኝ። እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ትጠብቃለች።

አንድ ሌላ ነገር። ወረቀቱ ከሞንቱ ዳዳ ደርሶኝ ነበር። ፈርሜ ልኬዋለሁ። ምክንያቱን ጽፌ ነበር፤ ሳነበው ረጅም ሆነብኝና ቀደድኩት። ደክሞኛል ካካ፣ ሌላ ምክንያት የለውም።

ቱቱል


ባዱርባጋን
ጁላይ 17 ቀን 1997

ልጄ ቱቱል፣

ምርቃቴ እንደ ሁልጊዜው ነው።

ደብዳቤህ ደርሶኛል። መልሴ የዘገየው በዝናቡ ነው። ዝናቡ የጀመረው ባለፈው ወር መሆኑን አክስትህ አስታውሳኛለች።

ሻዩም ደርሷል። ከእኛው ተራራ ተለቅሞ፣ እንግሊዝ ደርሶ ተመለሰ። ከእኔ የበለጠ አገር አይቷል። ጠጣነው።

ግቢው ጎርፍ ይዞታል። ከሰማይ ውኃ ቀኑን ሙሉ ይወርዳል፤ ከቧንቧው የሚመጣው ጠዋት ለትንሽ ጊዜ ብቻ ስለሆነ አክስትህ ውኃ ውስጥ እየተራመደች ውኃ በባልዲ ትቀዳለች። ወገቧን ትላለች። ድሮም ትል ነበር።

ሃልዳር መጥቶ ነበር። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ጫማውን በእጁ ይዞ። ጥሩ ልጅ ነው፣ እንዲህ ያለ ሰው መጥላት ያደክማል።

"ካካባቡ፣ ይሄ ቤት እኮ ደክሞታል" አለኝ።

"እኔም ደክሞኛል፣ እኔን ግን ላፍርስህ አላልከኝም።"

"እርስዎ የያዙት ቦታ ትንሽ ነው" አለ።

አክስትህ ወጥ ቤት ሆና ሳቀች። ከዚያ ሰውየውን ሊፍቱ ስንት ሰው ይይዛል፣ ውኃ ማታም ይመጣል ወይ እያለች ጠየቀችው። ሻይም ሰጠችው፣ ያንኑ ያንተን ሻይ።

አስቤበታለሁ ቱቱል። እናንተ ሦስታችሁ ፈርማችኋል፤ እኔ ብቻዬን ግድግዳውን ደግፌ መቆሜ ነው። ስለዚህ ለሞንቱም ለራኑም አስታውቄያለሁ፦ በፑጃው ስምንተኛ ቀን ሁላችሁም በድሮው የዱርጋ አዳራሽ ትሰበሰባላችሁ። ምስሏን ካላስገባን ዓመታት ሆኗል፣ ግን ጣሪያው ቆሟል። እንደ ማስተር ኦክሩር ማለቂያ፣ እያንዳንዱ ሰው የተነገረውን ሌባ በሌላው ፊት ጮክ ብሎ ይናገራል። የቀረውን እናገኛለን። እኔም እዚያው እፈርማለሁ። ቤቱን በከንቱ አልሰጥም፣ በአንድ ምዕራፍ እለውጠዋለሁ። ዋጋው ውድ ነው እንዳትለኝ፤ ሌላ ገዢ የለኝም።

አንተም ብትመጣ። ፎቅ ላይ ያለውን ክፍል እናዘጋጅልሃለን፤ ከጥግ በኩል ብቻ ነው የሚያፈሰው።

አክስትህ ብዕሩን ስጠኝ ብላ ነበር፣ ውኃ መጣ ብላ ሮጠች።

ካካህ


ሊድስ
ኦገስት 31 ቀን 1997

የተከበሩ ካካ፣

እግርዎን እነካለሁ፣ ከሩቅም ቢሆን።

ለፑጃ ፈቃድ ጠየቅሁ። ጠየቅሁ ስል ልጠይቅ አሰብኩና የአለቃዬ በር ድረስ ሄድኩ። በሩ ላይ የሠራተኞች የዕረፍት ሰሌዳ ተለጥፏል፤ ስሜ ፊት ለፊት ያለው ረድፍ ከገባሁ ጀምሮ ነጭ እንደሆነ ነው። አበላሸዋለሁ ብዬ ሳልጠይቅ ተመለስኩ። አልመጣም ካካ።

እርስዎ ትከሻ ላይ ተቀምጬ እዚያ አዳራሽ ውስጥ እናት ዱርጋን ሳያት ትዝ ይለኛል። ዓይኖቿ ገና አልተሳሉም ነበር። ለምን አታየኝም ብዬ አልቅሼ፣ አጎት ኮኮን፣ "አንተን እንዳላየች ሆና ነው፣ ጣፋጩን ቶሎ ውሰድ" አለኝ። ሰረቅሁ። ሌባ የተባልኩት ያኔ ነው የመጀመሪያዬ፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

ይህንን የምጽፈው ሐሳብዎን ላስለውጥ አይደለም፤ ወይም ነው። ካልፈለጉ አይፈርሙ። ምዕራፉ ቢቀር ይቅር፤ መጽሐፉም ቢቀር እኔ መድኃኒት መመዘኔ አይቀርም። ሰው የሚኖርበትን ቤት ለአንድ የልጆች ታሪክ ሲሰጥ እኔ ከዚህ ሆኜ አይቼ ዝም አልኩ እንዳይባል ነው የጻፍኩት።

ቱቱል


ባዱርባጋን
ኦክቶበር 16 ቀን 1997

እናት ዱርጋ ትጠብቅህ።

ልጄ ቱቱል፣

የበዓል ማግስት ምርቃቴ። ዘንድሮም ቀደምኩህ።

ሁሉም መጡ። ሞንቱ ሚስቱን ይዞ መጣና ከአዳራሹ ግራ ተቀመጠ። ራኑ መጥታ ሞንቱን ስታይ ከቀኝ ተቀመጠች። እኔ መሀል። ሃልዳርም ወረቀቱን በቦርሳ ይዞ በር ላይ ቆመ፤ ለጫማ ጠባቂነት የመጣ ይመስል ነበር። አክስትህ ከማለዳ ጀምራ ሉቺ፣ ያንን በዘይት የሚነፋ ቂጣ፣ ትጠብሳለች፤ የተነፋው ሉቺ ሳይሟሽሽ ለማድረስ ከወጥ ቤት አዳራሽ ትመላለሳለች።

ጀመርኩ። "ለእኔ ሐኪሙ ነው ብሎኛል። ሐኪሙ ይሂድ" አልኩ። በታሪኩ እንደሚደረገው አንድ ወንበር አውጥቼ ወደ ግድግዳ አዞርኩ። ሞንቱ ጉሮሮውን ጠራረገ።

"ካካ፣ ትፈርማለህ?"

"ብዕሩ ኪሴ ውስጥ ነው።"

"ለእኔ ጠበቃው ነው ብሎኛል" አለ። ሁለተኛውን ወንበር አዞርኩ።

የራኑ ተራ ደረሰ። እሷም፣ "ኖሊን፣ ለሞንቱ ንገረው" አለችኝ፣ ሞንቱ ከማዶ ተቀምጦ እየሰማት፣ "ወንድሜ ለእኔ የነገረኝ የባላባቱ የወንድም ልጅ ነው ብሎ ነው። ግን ያኔ ፊቴን አላየም። መስኮቱን ነበር የሚያየው። እንደሚሞት ያወቅሁት ያን ቀን ነው።"

እኔ ለማስተላለፍ አፌን ስከፍት ሞንቱ ቀደመኝ። "ሰምቻለሁ" አላት። ለእኔ ሳይሆን ለእሷ። ከዚያ፣ "እሳቱን ያኔ ላንቺ ልሰጥሽ ነበር። እጅሽ ሲንቀጠቀጥ አይቼ ነው" አላት። እሷም፣ "ያንተም ይንቀጠቀጥ ነበር" አለችው። ከዚህ በኋላ ሁለቱም ሉቺ እንብላ አሉ። እኔ ከእንግዲህ በማስተላለፍ ሥራ ጡረታ ወጥቻለሁ።

አንድ ወንበር ቀረ። ፎቶ አንሺው።

እንዴት እንዳላየነው ልንገርህ። አራተኛውን ምዕራፍ አንብበው፤ ሰዓቷ ከጠፋች በኋላ በዚያ ዶፍ ዝናብ ፎቶ አንሺው "ጃንጥላውን ዘግቶ በክንዱ እንዳንጠለጠለ ርሶ ገባ" ይላል። ጃንጥላ ይዞ የሚርስ ሰው ማን ነው? የሚዘጋው እኮ ውስጡ ነገር ስላለ ነው። ሰዓቷ ትንሽ ናት። ራኑ ይህንን ጮክ ብላ ስታነብ ሁላችንም አንድ ላይ፣ "እንዴ፣ አዎ፣ እሱ ነው" አልን። ሞንቱ ጭኑን መታ። ፊታችን ሁሉ በራ። ሃልዳር ሳይቀር፣ "ጃንጥላው ነው፣ ጃንጥላው ነው" እያለ ወንበሩን ዞረው። ኮኮን ዳዳ እዚያ ሆኖ ቢያየን ብዬ አሰብኩ።

ከዚያ ፈረምኩ። ሃልዳር ወረቀቱን ዘርግቶ ጣቱን ያደረገበት ቦታ ላይ። ሉቺ በበላሁበት እጄ ስለሆነ ወረቀቱን ትንሽ ዘይት ነክቶታል።

ሁሉንም ነገር በሌላ ወረቀት ዘርዝሬ፣ ማስተር ኦክሩር እንደሚናገረው አድርጌ ጽፌ አባሪ አድርጌያለሁ። አስተካክለው፣ እኔ ጸሐፊ አይደለሁም። በሰዓቱ ይደርስልሃል ብዬ በፈጣን ፖስታ ልኬዋለሁ።

አክስትህ ደክሟት ተኝታለች።

ካካህ


ሊድስ
ፌብሩዋሪ 22 ቀን 1998

የተከበሩ ካካ፣

እግርዎን፣ የካኪማንም።

ከዚህ ጋር መጽሐፉን ልኬያለሁ። ሽፋኑ ላይ ያለው ሰው ማስተር ኦክሩር መሆኑ ነው፤ ለምን ባርኔጣ እንዳደረጉለት እኔም አልተነገረኝም። የመጨረሻውን ምዕራፍ የጻፉትን ሳልቀንስ ሳልጨምር ነው የገለበጥኩት። አሳታሚዋ ከሁሉም ማለቂያዎች የተሻለው ይሄ ነው ብላለች፤ ጃንጥላው ጋ ስትደርስ ቢሮዋ ውስጥ ጮኸች። ማስተር ኦክሩርም ለመጀመሪያ ጊዜ በእንግሊዝኛ በደንብ ተቆጣ። በእርስዎ ድምፅ ስለጻፍኩት ይመስለኛል።

መቅድሙ ላይ፣ "ይህ ምዕራፍ የተዘጋጀው ደራሲው ለቤተሰቡ በነገራቸው መሠረት ነው" ይላል። "ባልነገራቸው መሠረት" እንዲባል ለምኜ ነበር፣ የፊደል ስህተት መስሏት አረመችው።

አንድ ጋዜጣ ስለ ምዕራፉ በበጎ ጽፏል። ቆርጬ አስገብቼዋለሁ። ካካ፣ ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ አንድ ነገር የጨረስኩ መሰለኝ። አለቃዬንም ለሚቀጥለው ፑጃ ፈቃድ ጠይቄዋለሁ፤ በሩን አንኳኩቼ ገብቼ። ፈቅዶልኛል።

ቱቱል


ኮልካታ፣ ቤሌጋታ፣ አራተኛ ፎቅ
ኤፕሪል 5 ቀን 1998

ልጄ ቱቱል፣

ምርቃቴ ከከፍታ ነው አሁን።

መጽሐፉ ደርሷል። ሃልዳር አዲሱን እስኪሠራ የተከራየልን ቤት ውስጥ፣ ከፈረሰው ያመጣሁት መደርደሪያ ላይ ቆሟል። ራኑና ሞንቱ አንድ ላይ መጥተው አዩት። አንድ ላይ ስልህ በአንድ ሪክሾ ጋሪ። ባርኔጣውን ሁላችንም ተቃውመነዋል።

ቤቱ በማርች ፈረሰ። ሄጄ ነበር። መጨረሻ የወደቀው የዱርጋ አዳራሽ ነው። እሁድ እሁድ ከሚመጡት ሰዎች አንዲት እናት ልጇን ይዛ መጥታ፣ ማስተር ኦክሩር የወደቀበት ደረጃ የት ነው አለችኝ። ጡብ አንስቼ፣ "ይሄ ነው" አልኳት። ልጁ ይዞት ሄደ። ቤቱን በምዕራፉ በመለወጤ አልቆጭም። የኮኮን ዳዳ የመጨረሻ ምዕራፍ አሁን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ አለ፤ ጡብ አይቆይም፣ እሱ ይቆያል። ሲደክመኝ ይህንን እላለሁ።

ዛሬ አጠር አድርጌ ስለጻፍኩ የወረቀቱ ጎን ባዶ ነው። ለአክስትህ ትቼላታለሁ። ስለ ዓቻሩ ስለሆነ እኔ አላነበውም፤ ጽፋ ራሷ ታሽገዋለች።

ለፑጃ እንጠብቅሃለን። ሊፍቱን ልብ በል፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ያሳርፋል።

ካካህ

ቱቱል ልጄ፣ ካኪማህ ነኝ። ስትመጣ ቀጭን ልብስ ያዝ፣ እዚህ ነፋስ የለም። ውኃ ግን ማታም ይመጣል፣ ባልዲ ከተውኩ ወገቤ ደህና ነው። ልነግርህ የነበረው ትንሽ ነገር ናት። ያንን የመጨረሻ ታሪኩን በጻፈበት ጊዜ አጎትህ ኮኮን ለሙሪው ወጥ ቤት ገብቶ ሲጠብቅ ሽንኩርት እየከተፍኩ ነበር። ለማንም እንዳትነግሪ ብሎ ለእኔም ሌባውን ነገረኝ። በየዓመቱ ይነግረኝ ነበር፤ ለእኔ የነገረኝም አንድም ጊዜ ታትሞ አያውቅም። በበዓሉ ቀን የጠየቀኝ ሰው ስላልነበረ ሉቺዬን ስጠብስ ዋልኩ። ለእኔ የነገረኝ ፎቶ አንሺው ነው ብሎ ነው።